በሬ ዱካውን አይሸፍንም

ሟቹ ከግጦሹ መሐል፣ ከትልቁ ግራር ሥር፣ ራሱ ተፈንክቶ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። አጠገቡ በሬው ያመሰኳል። በቃ፣ ገዳዩ ተገኘ ተባለ። በሬው ታሰረ፤ ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ ደረሰ። የሟቹ ሚስት ግን የሞተው የሌላ ሴት ባል ይመስል፣ ባዶ የወተት ባልዲ ታቅፋ በረቱ ደጃፍ ተቀምጣለች።

መርማሪዋ ፖሊሶች አስከትላ መጣች። ገለባውን ከፍሬው ስለምትለይ «ወንፊት» ይሏታል።

«ሰው የገደለ በሬ ውሎ አያድርም፤ ይታረድ!» አለ የሟቹ ታናሽ ወንድም።

«ቆይ እንጂ፣ ተከሳሹ ቃሉን ይስጥ» አለች ወንፊት። የበሬውን ቀንድና ሰኮና ዳሰሰች፤ ደም የለም። በሬው ቃሉን ለመስጠት ፈቃደኛ አልነበረም።

ግራሩ ሥር ተንበረከከች። ከሟቹ እግር እስከ አጥሩ ድረስ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፏል። ገለጥ ብታደርገው ተረከዝ የጎተተው ሁለት መስመር ታየ። ከሟቹ ኮሌታ ውስጥም ያንኑ ቅጠል መዘዘች። ለማንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው።

መጀመሪያ ላም አላቢውን ጠራችው።

«ግራሩ ሥር የረገፈውን ቅጠል ማነው የሚጠርገው?»

«የምን ቅጠል እናቴ? የግራር ቅጠል ደቃቅ ነው፤ ሲወድቅ ትሉ ይሻማበታል፣ ከብቱ እበት ይጥልበታል፣ ካፊያ ከነካው አፈር ነው! አፈሩ ደግሞ እንዴት ያለ መሰለዎት? ከዘራዬን እዚያ ረስቼ ብመለስ ቀንበጥ አውጥታ አገኘኋት።»

«ከዘራህ?»

«ነቀልኳት እንጂ ልታብብ ነበር!»

ሚስትየዋንም ይህንኑ ጠየቀቻት።

«የሚጠረግ የለም» አለች ሴትዮዋ፣ ድምፅዋ ሳይወጣ ሳይወርድ። «መሬቱ ሁሌም ከቅጠል ባዶ ነው፤ ጥቁር። ሣሩም በግራሮቹ ዙሪያ ነው የሚረዝም። ለዚህ ነው ባሌ አላስቆርጥም ያለው።»

«ማነው ይቆረጡ ያለ?»

ባልዲውን አየች። «ወንድሙ። ከተኳረፉ ወዲህ ግጦሹን ረግጦት አያውቅም።»

ወንድምየው ግን ጥያቄውን ሲሰማ ሳቀ። «ዛፍ ባለበት ቅጠል ይጠፋል እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ተነጥፎ ነው የሚከርመው። ቅጠል ቅጠል ነው!»

ወንፊት ሁሉንም ግራሩ ሥር ሰበሰበቻቸው። በሬውም ከነገመዱ ቀረበ።

«በሬ ሰው ይገድል ይሆናል» ብላ ጀመረች፣ «ዱካውን ግን አይሸፍንም። ይህ ሰው እዚህ ተጎትቶ ነው የመጣው። ከየት? ኮሌታው ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ወድቋል ማለት ነው። እዚያ ማንም መሄድ ይችላል። ገዳዩ የጎተተበትን ዱካ ለመሸፈን ከዚያው ቅጠል አፍሶ እዚህ በተነ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ደረቅ ነው፤ ትልም አይደፍረው፣ ከብትም አይበላው፣ ቶሎም አይበሰብስ። በዚህ ባዶ መሬት ላይ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ነው። አላቢው ይህን ያውቃል። ሚስቱም ታውቃለች። እነሱ ቢሆኑ አንዲት ቅጠል አይጥሉም ነበር። እዚህ ቅጠል ተነጥፎ ይከርማል ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ወንድምየው ዞሩ። እሱ እጁን ያይ ነበር።

«ዛፎቹን አልቆርጥም አለኝ» አለ። «በያዝኩት መጥረቢያ ጀርባ መታሁት። ከዚያ ዝም አለ። … እትዬ፣ በቃ ዝም አለ።»

የሟቹ ሚስት አላለቀሰችም፣ አልረገመችም። ፖሊሶቹ ሲወስዱትም ቀና አላለች።

«ቢላዋዬንስ በከንቱ ሳልኩት?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«በሬውን ፍቱት» አለች ሚስትየዋ።

በሬው ተፈታ። የተበተነውን ቅጠል አሸተተና ፊቱን አዙሮ ሄደ። እሷ ባልዲዋን አስቀምጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር።

«ተዪው እመቤቴ፣ እዚህ መሬት ላይ የማይበሰብስ የለም» አለ አላቢው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም።

«አውቃለሁ» አለች፣ መልቀሟን ሳታቆም። «ይሄ ግን ይቆያል።»