ስሜ የተጻፈበት ቅጽ

እኔ የጠንቋይ ደጅ ረግጬ የማላውቅ፣ ቡዳ በላው ሲባል «እስቲ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» የምል፣ ጎረቤቴ ጅብ ሆኖ የሚሄድ ሰው አየሁ ብላ ስትምል ሳቄን በነጠላዬ የምሸፍን ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ የማወራውን ስትሰሙ «ይቺ ሴትዮ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች» እንዳትሉኝ ነው። አልወድም። የምፈራው ሌላ ነው፤ ገደል እፈራለሁ፣ ወንዝ እፈራለሁ፣ ልጆቼ ሲያስሉ እፈራለሁ፣ ካድሬንም በዚያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከትልቁ ድርቅ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ላሊበላ በገዛ ቤቴ ነው። ቤቴ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፣ ምድርና ፎቅ፤ እኛ ታች እንኖራለን፣ ወደ ላይኛው ክፍል የሚወጣው በውጭ በኩል በድንጋይ ደረጃ ነው፣ ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ ላይ ድመት ብትራመድ ታች ይሰማል። አባታቸው ካረፈ ወዲህ ከሁለት ልጆቼ ጋር ነበርኩ። ትልቁ ታደገ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ነው፤ በልጅነቱ አንድ ዓይኑ ስለጠፋ ለውትድርና አልፈለጉትም፣ እመኑኝ፣ ለዚያ ዓይን ስንት ዓመት አልቅሼ በኋላ በእሱው እግዜርን አመሰገንኩ። ታናሿ ውባለም ናት፣ ከእኔ ይልቅ ደፋር፣ ከእኔ ይልቅ ሳቂታ።

ላይኛውን ክፍል ለድርቁ እርዳታ የመጣ ፈረንጅ ሐኪም ተከራይቶት ነበር፣ ታደገም ያስተረጉምለት ነበር። አገሩ ሲመለስ ብርድ ልብሱን ለእኔ፣ አንድ ካርቶን መጻሕፍት ደግሞ ለታደገ ሰጠ። የመድኃኒት መጻሕፍት መስለውኝ ደስ አለኝ። ለካ ጨዋታ ነው!

ጨዋታ ስላችሁ ገበጣ እንዳይመስላችሁ። ዋናው መጽሐፍ ብቻውን እንደ ጡብ ነው፣ በዚያ ላይ ተጨማሪ የሚባሉ ስድስት መጻሕፍት አሉት፣ አንዱ ስለ አውሬ፣ አንዱ ስለ በሽታ፣ አንዱ ስለ መንገድና ስለ አየር፣ የቀሩትን ረስቻቸዋለሁ፣ ሁሉም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰንጠረዥ ናቸው። ተጫዋቹ በሐሳቡ ሌላ ሰው ይሆናል፣ ተዋጊ ወይም አዋቂ፤ አጫዋቹ «ዋሻ ደረሳችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላቸዋል፣ እነሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ግን የሚቆርጠው ጠጠር ነው፣ ቁጥሩ ከበዛ ይሳካል፣ ካነሰ ይከሽፋል። አራት ፊት ያለው ጠጠር አለ፣ ስምንት ፊት ያለው አለ፣ ሃያ ፊት ያለው አለ፣ በየፊቱ ቁጥር ተጽፎበት። በሳንቃው ስንጥቅ እየገባ ሲያስቸግራቸው ሰፌዴን ወስደው በእሱ ላይ መጣል ጀመሩ፣ እኔም ታች ሆኜ ከራሴ በላይ ኮለል፣ ኮለል፣ ጠብ ሲል እሰማለሁ።

ታደገ ያንን ሁሉ ሁለት ክረምት ፈጅቶ በደብተር ወደ አማርኛ መለሰው።

«እማ፣ ይኼኛው መጽሐፍ እኮ ጫማ በስንት ቀን መንገድ እንደሚበጠስ ሁሉ ያውቃል» አለኝ አንድ ቀን።

«ጫማ ላለው ሰው ነዋ» አልኩት።

ሌላ ቀን ደግሞ ስወጣ ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሎ አገኘሁ፣ ተራራው አቡነ ዮሴፍን የሚመስል፣ ዋሻውም ቁርጥ ይምርሐነ ክርስቶስን።

«በዚህ ዘመን ካርታ? አብደሃል?»

«የሌለ አገር ነው እኮ፣ እማ።»

«የሌለ አገር መሆኑን ለካድሬው አስረዳው፣ እኔ ስንቅ ላመላልስልህ!» አውርዶ ፍራሽ ሥር ከተተው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚያ ክረምት ውባለም ለጤና ረዳትነት ትምህርት ተመርጣ ነበር። ነሐሴ ውስጥ ዓርብ ጠዋት ከመንገደኞች ጋር በእግር ወደ ኩልመስክ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ወልዲያ፤ እስከ ሰኞ ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ይሰጣል፣ ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠራት የለም። በመንገዱ ላይ ደግሞ ወንዝ አለ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ከነበቅሎው የወሰደ። ልጄ ስንቋን ቋጥራ፣ ጫማዋን አስራ ፊት ፊቴን ታያለች፤ እኔ እስከ ሐሙስ ከሰዓት ድረስ ሂጂም ቅሪም አላልኳትም። ምን ልበል? ብትቀር ዕድሜዋን አበላሸሁባት፣ ብትሄድ ደግሞ ወንዙ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት ጉሙ ደጃፋችን ድረስ ወርዶ፣ ሦስት ሆነው ላይኛው ክፍል ለስንብት ይጫወታሉ፤ ታደገ አጫዋች፣ ውባለም፣ ሦስተኛው ጎረቤታችን ዲያቆን ፈንታው ነው፣ ቅኔ ቤት የዋለ፣ ለሁሉ ነገር ማዕረግ ካልሰጠ የማይወድ ልጅ። እኔ ታች ምስር እለቅማለሁ። ጠጠሩ ኮለል አለ፣ ጠብ።

«ኧረ ድጋሚ ትጣል!» የፈንታው ድምፅ ነው።

«አይሆንም፣ ሕግ ሕግ ነው» አለ ታደገ። «የመንገዱ መጽሐፍ፣ የሞላ ወንዝ፤ ሁለት ከወጣ ወሰዳት ነው የሚለው።»

«ሞትኩ በሉኛ!» አለች ውባለም እየሳቀች።

እንዴት ደረጃውን እንደወጣሁ አላውቅም፣ ምስሩን በጭብጤ ይዤ ነው የገባሁት። ከውባለም ፊት በጨዋታው የምትሆነው ሰው የሚመዘገብበት ቅጽ ተዘርግቷል፣ ልክ እንደ ቀበሌ ቅጽ፣ ስም፣ የትውልድ አገር፣ ቁመት፣ የጦር መሣሪያ ዓይነት ይላል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስለቆጠርኩ ማንበብ እችላለሁ፣ አዝግሜም ቢሆን። ስም ከሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው የልጄ የክርስትና ስም ነበር።

ይህን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር የክርስትና ስም ለመንገደኛ አይነገርም፣ ቄሱ፣ እናትና የክርስትና እናት ያውቁታል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ በፍትሐቱ የሚጠራው በእሱ ነው። ክፉ ሊሠራበት የሚፈልግም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው ይላሉ፣ እኔ ባላምንም ነግሬ አላውቅም። ነገ ወንዝ የምትሻገር ልጄ ዛሬ በዚያ ስሟ ወንዝ ወስዷት ተቀምጣለች።

«ማነው ይህን የጻፈ?»

«እኔ ነኝ እትዬ ሙሉ» አለ ፈንታው፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ለጀግና የቤት ስም አይሆንም ብዬ ነው። ይማሩኝ።»

«ዲያቆን ሆነህ? የክርስትና ስሟን ለጠጠር ሰጠህብኝ?»

«እማ፣ ጨዋታ ነው እኮ» አለች ውባለም።

«ስም ከጠፋ የእኔን ጻፉ እንጂ የልጄን ለምን! አጥፉት! አሁኑኑ!»

«ያንቺንማ መች ነግረሽን» አለ ታደገ፣ ሊያስቀኝ ፈልጎ። እውነቱን ነው። ያጠመቁኝ ቄስ አርፈዋል፣ እናቴና የክርስትና እናቴም አርፈዋል፣ ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም ነበር። ለእናንተም አልነግራችሁም፣ አትቀየሙኝ።

ውባለም ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በላጲስ አጠፋችው። ከዚያ ፈንታው ወደ ቤተክርስቲያን፣ ታደገ ወደ ቀበሌ ስብሰባ፣ ውባለም አክስቷን ልትሰናበት ሄደች። እኔ ደጃፌ ላይ ምስሬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ ደረጃው ፊት ለፊቴ ነው፣ ሰው ቢወጣበት ቀሚሴን ሳይነካ አያልፍም።

ኮለል፣ ኮለል፣ ጠብ።

ድመት ናት አልኩ። ድመቷ ግን ከእግሬ ሥር ተኝታለች፣ ጆሮዋን ብቻ ቀጥ አደረገች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ኮለል አለ፣ አሁን ቀስ ብሎ፣ ሰው በእጁ ይዞ ሲያስብ ቆይቶ እንደጣለው። ከዚያ ሦስተኛ። ተነሥቼ ወጣሁ፣ ለምን እንዳልሮጥኩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ማንም የለም። ክፍሉ ወንዝ ዳር እንደቆሙ ዓይነት ይበርዳል። ሰፌዱ መሐል ላይ ነው፣ በላዩ ሃያ ፊት ያለው ጠጠር ብቻውን፣ ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ። አጠገቡ ቅጹ። በሳሳው ወረቀት ላይ፣ የልጄ ስም በነበረበት፣ የእኔ የክርስትና ስም ተጽፏል።

መጮህ ነበረብኝ አይደል? አልጮህኩም። እንዲያውም፣ እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። ውባለም ከአክስቷ ስትመለስ ደጅ ላይ ጠበቅኋት።

«ነገ ሂጂ» አልኳት።

«እውነትሽን ነው እማ?» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

ታደገንና ፈንታውን ቅጹን አሳይቼ ጠየቅኳቸው። ፈንታው አልጻፍኩም ብሎ ማለ። ታደገ በደህናው ዓይኑ አስጠግቶ አየውና «እማ፣ ያንቺ እጅ ነው እኮ» አለኝ። እኔም አየሁት። ፊደሎቹ እንደ እኔ ፊደል ከመስመሩ እየለቀቁ ሽቅብ ወጥተዋል። እኔ ግን አልጻፍኩም። እርሳስ አልነካሁም።

በማግስቱ ጉሙ ተገፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ልጄ ሄደች። ረፋዱ ላይ በደረቅ ደጃፌ ፀሐይ እየሞቅኩ ሳለ እግሬን ብርድ ያዘኝ፣ ከዚያ ጉልበቴን፣ ከዚያ ወገቤን፣ አንድ ነገር ወደ ጎን ጎተተኝ፣ የበሩን መቃን በሁለት እጄ ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሲለቀኝ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ በአጥሩ በኩል ታየኛለች።

«ምነው ሙሉ፣ ወንዝ ወርደሽ ነበር እንዴ?»

ቀሚሴ እስከ ወገቤ ተነክሯል። ከጫፉ ቀይ ደለል ይንጠባጠባል። መሬቱ ግን ዙሪያውን ደረቅ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የውባለም ደብዳቤ ደረሰን። በደህና ገብታለች፣ ትምህርቱን ወዳዋለች፣ በርበሬ ላኪልኝ ትላለች። ከታች እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «ወንዙ መሐል ላይ እግሬ ከድቶኝ ነበር፣ አለቀልኝ ስል እግሬ ጠንካራ ነገር አገኘና ቆምኩ። ሰዎቹን የገረማቸው ሲያወጡኝ ልብሴ አለመራሱ ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። አታስቢ እማ።»

አታስቢ አለችኝ!

ቅጹን ላቃጥለው አስቤ ነበር፣ ስሜ እያለበት እንዴት ልለኩሰው? ታደገ ከነመጻሕፍቱ በጆንያ ጠቅልሎ ካድሬ እንዳያገኘው ከበረቱ ግድግዳ ውስጥ ቀበረው። መንግሥት ሲለወጥ አወጣነው፣ መጻሕፍቱ ሁሉም አሉ፣ ጠጠሮቹም አሉ፣ ቅጹ ብቻ የለም። ጆንያውን ገልብጠን አራገፍነው። የለም።

«ለመሆኑ ይህ ጨዋታ እንዴት ነው የሚያልቀው?» አልኩት ታደገን።

«አያልቅም እማ። አሸናፊ የለውም። ተጫዋቾቹ ሲበቃቸው ነው የሚቆመው።»

«ቅጹን የያዘው ካልበቃውስ?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ፣ ጆንያውንም እንደገና ይፈትሽ ጀመር።

ውባለም ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ በሠለጠነችበት ሥራ ስንቱን አዋልዳለች፣ ስትመጣ ቤቴ በሳቅ ይሞላል፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ፣ ደስተኛ ሰው ነኝ። ያንን ቀን እንመልስልሽ ቢሉኝም ያው «ሂጂ» ነው የምላት። ብቻ አንዳንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መሐል ወይም ቅዳሴ ቆሜ እግሬን ብርድ ይይዘኛል፣ ቀስ እያለም ሽቅብ ይወጣል። ማን ጠጠሩን እንደጣለ፣ የትኛውን ወንዝ እንደምሻገር አላውቅም። አጠገቤ ያለውን ሰው ክንዱን እይዝና፣ እስኪያልፍ ድረስ አጥብቄ እቆማለሁ።