ሰዓት ጠያቂው

ሳህሉ ስልክ ሲያወራ የስልኩን አፍ በመዳፉ ከከለለ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ከየዓለምዘርፍ በላይ የሚያውቅ የለም። ወጣትነቷን የጨረሰችው ናዝሬት ቴሌ ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ የሰውን መስመር ከሰው መስመር ስታገናኝ ነው። ሰው ሲዋሽም ሆነ ሲያፈቅር ድምፁ ምን እንደሚሆን ፊቱን ሳታይ ትለያለች።

አሁን ግን ድምፁ አይሰማትም። በሞተርሆማቸው፣ እንደ ቤት በሚኖሩበት መኪና፣ ትንሽ መስኮት የምታየው ጀርባውን ብቻ ነው። ከልብስ ማጠቢያው ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የሳንቲም ስልክ ስር አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከኋላው ጠጠርና ቁልቋል፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ ተራራ። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ጥር ነው ቢሏት አታምንም።

መናደድ ነበረባት፤ ወይም ማዘን። ምንም አልመጣም። አጥባ የጨረሰችውን ብርጭቆ እንደገና አጠበችው።

የተዋወቁት በስልክ ነበር። እሱ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ መካኒክ፣ እሷ ናዝሬት ስልከኛ። አንድ ቀን አዲስ አበባ እስኪገናኝ መስመር ላይ ሲጠብቅ ዝምታው ከበደውና «ይቅርታ እህቴ፣ ሰዓት ስንት ነው?» አላት። ነገረችው። በማግስቱ ደግሞ ደወለ። የሚያነጋግረው ሰው አልነበረውም፤ ሰዓት ብቻ ጠይቆ ዘጋ። እንዲህ እያለ ከረመ። አጠገቧ የምትሠራው ታላቅ እህቷ ስመኝ፣ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት፣ አንድ ቀን ማዳመጫውን ነጥቃ «ሰውዬ፣ ወንጂ አገር ሰዓት የሚባል ነገር የለም እንዴ?» ስትለው መስመሩ ላይ ሳቁን ሰሙት። ለሠርጋቸው ስመኝ የእጅ ሰዓት ገዝታ እንግዳው ሁሉ እያየ እጁ ላይ አሰረችለት። ከእንግዲህ እህቴን አትጨቅጭቅ ብላ አሳቀችው።

እሱ ግን አልተወም። ሰዓቱን እጁ ላይ አስሮ፣ ጠዋት ጠዋት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሰዓት ስንት ነው?» ይላት ነበር። መቼ እንደተወው አታስታውስም። አሜሪካ ከገቡ በኋላ መሆን አለበት።

ምናልባት እሷ መመለሱን ስለተወች ይሆናል።

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሀያትስቪል ሳሉ፣ ገና ሰው በቅጡ ሳያውቁ፣ ግሮሰሪ ውስጥ ሰልፍ ይዛ አበዛሽ የምትባል የሩቅ ትውውቅ ትከሻዋን ያዘቻትና «እግዜር ያጥናሽ፤ የአባትሽን ነገር ሰማሁ» አለቻት። አበዛሽ መርዶው የተነገራት መስሏት ነው። በእኛ ደንብ መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይጠራራና ገና ጎህ ሲቀድ በር ላይ ይቆማል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ሳይኖር ወሬው ከአፍ አይወጣም። የአገር ቤት ዘመዶቿም የሚያረዳ ሰው እስኪገኝ ብለው ዓመት ሙሉ ደብቀዋት ኖሯል።

የዓለምዘርፍ «አሜን» አለች። የወተቱንና የዳቦውን ከፍላ ወጣች። ቤት ገብታ እራት ሠራች። እንባ አልመጣላትም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም። ልጇን ሉሊትን ስትድር ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ሳህን ታነሳ ነበር። ብርዱ ሲመጣ ጣቶቿ እንደሚደነዝዙት ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ደንዝዞ ቀረ። አያምም። አይሞቅም።

ሳህሉ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ፣ አሌክሳንድሪያ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሲሚንቶ ላይ እየተኛ ሲሠራ ኖሮ ጉልበቱን ጨረሰ። ሪታየር ሲያደርግ ሐኪሙ ደረቅ ሙቀት ይሻልሃል አለው፤ አብሮት የሚሠራ አሜሪካዊ ደግሞ አሮጌ ሞተርሆሙን ሸጠለት። በኋላ በሚኖሩበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በኢትዮጵያውያን ሬስቶራንት ወሬው ተነዛ። ጓደኛው አበጀ «ሳህሉ ስደቱ አልበቃው ብሎ ቤቱን ጎማ ላይ ጫነው» እያለ ሰውን አሳቀ።

እሷን ግን አላሳቃትም። የልጅ ልጇ የሰሊና ደረት ስስ ነው፤ ሉሊት ደግሞ ኮፍያ ሳታደርግላት ታወጣታለች። ማን ያስታውሳታል? በረሃ ውስጥ እባብ አለ፣ ጊንጥ አለ። ጋዙ ቢያፈስስ ተኝተው ይቀራሉ።

«አንድ ዊንተር ብቻ፣ ዓለሜ» አላት። «እኔና አንቺ ብቻ። ምናልባት...»

ምናልባቱን አልጨረሰውም። እሷም አልጠየቀችውም። ሄዱ።

አሪዞና መልካም ነበር፤ መልካምነቱ ለሌላ ሰው የሆነ ይመስል ነበር እንጂ። ሞተርሆማቸውን ያቆሙበት ሪዞርት በዊንተር በሽማግሌዎች ይሞላል፤ ከሚኒሶታ፣ ከካናዳ፣ ከየብርዱ አገር መኪናቸውን እየነዱ ይመጣሉ። በር ላይ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሲያልፉ እጃቸውን ያነሳሉ። እሷም ታነሳለች። ሳህሉ አጠገቧ ይቀመጥና ተራራውን ያሳያታል። «አየሽ እንዴት እንደቀላ?» ይላታል። «አዎ» ትለዋለች። መቅላቱን አይታለች።

በገና ሰሞን ዋሽንግተን አካባቢ ያ ትልቁ በረዶ ወረደ። ስኩል ተዘጋ፣ መንገድ ተዘጋ። ሳህሉ ልጆቹን ልጠይቅ ብሎ ወደ ስልኩ ሄደና ፊቱ ተለውጦ ተመለሰ። ሁሉም ደህና ናቸው አለ። ምሳውን አልበላም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነ። ወደ ስልኩ ስትሄድ ቀድሟት ይነሳል፤ እኔ ደውያለሁ፣ ሉሊት ሥራ ላይ ናት፣ መስመሩ ተበላሽቷል ይላል። አንድ ቀን እሱ ሻወር ሲገባ ደወለች። ሉሊት አነሳች። እንዴት ነሽ እንኳ ሳትላት «እማዬ፣ አባዬ አጠገብሽ ነው?» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። የለም ስትላት ሰሊና እያለቀሰች ነው ብላ ቶሎ ዘጋች። ከኋላዋ ግን የሕፃን ለቅሶ አልነበረም። የስልከኛ ጆሮ ይህን አይስትም።

ልጅቷም ታውቃለች ማለት ነው።

ምኑን? መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ። ከጎናቸው ባለው ተጎታች ቤት ዶረቲ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ረጅም፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ልጃገረድ ወደ ኋላ የምታስር። ሳህሉ ጠዋት ጠዋት ከእሷ ጋር ወደ ተራራው ስር በእግሩ መሄድ ጀመረ። ለጉልበቴ ነው ይላል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ታጥቦ ነው። ጢሙንም አሳደገ። ዕድሜውን ሙሉ ሳይላጭ ከቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ጉንጩን በሙሉ ነጭ ጢም ሞላው። ዶረቲ ቆንጆ ነው ስትለው የዓለምዘርፍ በመስኮት ሰምታለች።

በዚህ ዕድሜ አለች በልቧ። ቅናቱን ጠበቀችው፤ አልመጣም። አለመምጣቱ ነው ያስፈራት። የምትቀናበት ባል ከሌላት ምን ትሠራለች እዚህ? የሰው አገር፣ የሰው በረሃ። ሄዳ ለሰሊና ኮፍያ ብታደርግላት ይሻላል።

ሻንጣዋን አውጥታ አልጋው ላይ ከፈተች። ሳህሉ ገብቶ ሲያያት በሩን እንደያዘ ቆመ።

«ልሄድ ነው» አለችው።

«የት?»

«ሲልቨር ስፕሪንግ። ነገ ወደ ኤርፖርት የሚሄደው ቫን ይወስደኛል። አንተ ቆይ፤ ተመችቶሃል።»

ለምን አላለም። አትሂጂም አላለም። የጠየቃት ጥያቄ እንግዳ ነበር።

«ኤርፖርት ማን ይቀበልሻል?»

«ሉሊት ናታ።»

«ሉሊት ብቻዋን? በመንገድ ላይ፣ ቤተክርስቲያን፣ የሆነ ቦታ... ሰው ታገኛለሽ።»

«ባገኝስ?»

ሸሚዞቿን እያጠፈች ሻንጣው ውስጥ ደረደረች።

«ሄጄ እኖራለሁ ነው የምትይኝ፣ ዓለሜ? ወይስ ትመለሻለሽ?»

«የምመለስበትን አላውቅም» አለች። ድምፅዋ መስመር የተቋረጠበትን ሰው እንደምታሰናብት ስልከኛ ረጋ ያለ ነበር።

«አንድ ጠዋት ብቻ ስጪኝ» አለ። «እስኪነጋ ቆዪ። ከዚያ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ።»

ወጣ። በመስኮት አየችው፤ በቀጥታ ወደ ዶረቲ በር ሄደ። መጋረጃውን መለሰችና ሻንጣውን ዘጋች። ትንሽ ቆየት ብላ ብታይ ኖሮ ከዶረቲ በር ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ሲሄድ ታየው ነበር። አላየችም።

የነቃችው በኮቴ ነው። ጠጠር ላይ የብዙ ሰው እግር። መስኮቱ ገና ግራጫ ነበር። ሳህሉ አልጋው ላይ የለም። መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

ሰዎቹ ቆመዋል። ካፖርትና ብርድ ልብስ ደርበው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ተጣጣፊ ወንበራቸውን በብብታቸው ሸጉጠው። ካርታ የሚጫወቱት ሽማግሌዎች። በምርኩዝ የሚሄደው ካናዳዊ። ውሻዋን ያቀፈች አሮጊት። ዶረቲ ከፊት። ማንም አያወራም። ከመካከላቸው ሳህሉ፣ ጋቢውን ለብሶ።

ጎህ ሲቀድ በር ላይ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። በሩን እንዴት እንደከፈተችው አታውቅም።

«ሰሊና ናት?» አለች። «ሳህሉ፣ ልጅቷ ናት?»

«አይደለችም። ሰሊና ደህና ናት። ሉሊትም ደህና ናት፤ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው።» ወደ ደረጃው መጥቶ ሁለት እጆቿን ያዘ። «ስመኝ ናት፣ ዓለሜ። ስመኝ ዐርፋለች።»

ዶረቲ በአንድ በኩል ያዘቻት። ካናዳዊው ወንበሩን ዘርግቶ ከኋላዋ አስገባላት። ተቀመጠች። ሰዎቹም ጠጠሩ ላይ ክብ ሠርተው ወንበራቸውን እየዘረጉ ተቀመጡ። ምን እንደሚባል አያውቁም፤ ምንም አላሉም። ውሻው ብቻ አንዴ አዛጋ። የዓለምዘርፍ ዙሪያዋን አየች። ጀርባዋ ላይ የሰው እጅ አለ፤ ጉልበቷ ላይ የሰው እጅ አለ። የስንት ሰው እጅ እንደሆነ አልቆጠረችም።

እንባ ግን አልመጣም።

ዶረቲ ቀስ እያለች ነገረቻት። ባልሽ ትናንት በየበሩ እየዞረ አንኳኳ አለቻት። በአገራችን ይህ ወሬ ለአንድ ሰው ብቻውን አይነገርም፤ እኔ ደግሞ እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ምንም አትናገሩ፣ መጥታችሁ አብራችሁን ቁሙልኝ አለን አለቻት። ከገና ጀምሮ ተራራው ስር እየሄደ ያለቅስ ነበር፤ እኔም ባሌን በቀበርኩ ጊዜ ብቻዬን ስላለቀስኩ ብቻውን እንዲሆን አልፈለግሁም አለቻት። የዓለምዘርፍ ሰማቻት። ራሷን ነቀነቀች።

ፀሐይ ስትወጣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ትከሻዋን እየነኩ ተነሱ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«በገና ሰሞን ወሬው ከአገር ቤት ለሉሊት ሲደርሳት፣ የሚያረዱሽን ሰዎች በረዶው በየቤታቸው ዘግቷቸው ነበር» አለ ሳህሉ። «ሰውም ቢሰበሰብ አንቺ እዚህ ነሽ። በጸደይ ስንመለስ ቤታችን፣ በሰው መሃል ይነገርሽ ብዬ ለሉሊት ነገርኳት። ልሄድ ነው ስትይኝ... ኤርፖርት ላይ አንዷ መጥታ እግዜር ያጥናሽ ትልሻለች። እንደ ሀያትስቪሉ። አሜን ብለሽ ትገቢያለሽ። ከዚያ ወዲያ ጨርሶ አትገኚም።»

የዓለምዘርፍ ፊቱን አየችው። እጇን ዘርግታ ጉንጩን ነካች።

«ይሄ ጢም...»

«የሐዘን ነው። ታውቂብኛለሽ ብዬ ስፈራ ነው የከረምኩት።»

«እኔ ለሴትየዋ ያሳመርክ መስሎኝ ነበር።»

ሳህሉ ወደ ዶረቲ በር፣ ከዚያ ወደ እግሩ አየ።

«በዚህ ጉልበት?» አለ።

አፏ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳቅም አልነበረ፣ ሌላም አልነበረ።

«ብቻህን ነው ያለቀስክላት?» አለችው።

«እኔንም እኮ የዳረችኝ እሷ ናት» አለ ሳህሉ።

ተራራው መቅላት ጀምሯል። ሳህሉ ግራ እጁን አነሳ። ማሰሪያው ስንት ጊዜ የተለወጠ፣ መስታወቱ የተጫረ የስመኝ ሰዓት እዚያው ነበር። አየው። ከዚያ የስልኩን አፍ እንደሚከልል አድርጎ በሌላው መዳፉ ሸፈነው።

«ይቅርታ እህቴ» አለ፤ ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። «ሰዓት ስንት ነው?»

ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀ፤ ከዚያ አመመ፤ እንዲህ ሊያማት ይችል እንደነበር ረስታው ነበር።

«ነግቷል» አለች። «ነግቷል፣ ሳህሉ።»

እህቷን በስሟ ጠራቻት። አንዴ፣ ከዚያ ደግማ፣ ከዚያ በሙሉ ድምፅዋ፤ ሳህሉ ጋቢውን በሁለታቸውም ላይ ጣለው። ለቅሶው በረሃውን አቋርጦ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጠጠሩ ላይ ኮቴ ተሰማ። ሰዎቹ ወንበራቸውን እንደያዙ እየተመለሱ ነበር።