የስክሪኑ ታችኛው ግማሽ

ማመንም አለማመንም የእናንተ ነው። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አሎንም አይቷል።

በፈረንጆች 1994፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። እስራኤል፣ አሽቀሎን፣ በሰፈራችን ማትናስ፣ ማለትም የሕዝብ ማዕከል፣ ልጆች ኮምፒውተር የሚማሩባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ውጭ ይዘንባል።

እናቴ አርፋ የሰባት ቀን ሐዘኗን የጨረስነው ገና ባለፈው ሳምንት ነው። አሁን ብናገር የምጎዳው ሰው የለም።

እህቴ ፋንታነሽ የሞተችው በ1984 ነው፤ ወደ እስራኤል ስንሰደድ፣ ሱዳን፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ። ብቻዬን ቀበርኳት። ማንም አላየንም።

እናቴ ዘርፈሽ ከጎንደር የመጣችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነበር። ከአውሮፕላኑ እንደወረደች አንገቴን አቅፋ፣ ከኋላዬ ሰው ፈለገች።

"ፋንታነሽስ?"

መርዶ እኛ ዘንድ እንዲህ ቆሞ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይመጣሉ። ዘመድ ግራና ቀኝ ይይዛታል። እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ልቧም ደካማ ነው። ለዛሬ ብቻ ብዬ...

"ካናዳ ወስደዋታል" አልኳት።

ዛሬ፣ ነገ ስል ሦስት ዓመት አለፈ። ራሴ የጻፍኩትን ደብዳቤ የሷ ነው እያልኩ አነብላት ነበር። በመጨረሻ እህል መቅመስ አቆመች።

"ወይ አገናኘኝ፣ ወይ ቁርጡን ንገረኝ!"

በስልክ እንዳላገናኛት ድምፅ ከየት ላምጣ? ድምፅ የሌለው መገናኛ አስፈለገኝ።

የጎረቤቴ ልጅ አሎን ቤርሼባ ኮምፒውተር ይማራል። በኢንተርኔት ለማውራት ሁለት ፕሮግራም እንዳለ ነገረኝ። በአንደኛው ብዙ ሰው ይገባል፤ ጽሑፉ የሚመጣው ተጽፎ ሲያልቅ ነው። ሌላው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ አንተ፣ ከታች እሷ። እያንዳንዱ ፊደል ልክ ሲነካ ይታያል።

ሁለተኛውን መረጥኩ።

እናቴ ማንበብ አታውቅም። ግን ፊደሎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ካየች፣ ከኋላቸው የልጇ ጣት እንዳለ ታምናለች አልኩ።

"ኦይ ጋሼ ቢምረው! አንተስ ሰላይ መሆን ነበረብህ" ብሎ አሎን ሳቀብኝ።

አስር ሰዓት ላይ ከቤርሼባ ሆኖ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል፣ ፋንታነሽን መስሎ ሊጽፍ ተስማማን።

ሐሙስ እናቴን ማትናሱ ወስጄ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ልክ በሰዓቱ ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ።

ከታች ጽሑፍ መጣ።

እ... ማ... ማ...

ቀስ ብሎ ነበር። በጣም ቀስ ብሎ። አሎን ግን በአስር ጣቱ ነው የሚጽፈው።

"እሷ ናት?" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"እሷ ናት፣ እማማ።"

"ቢሜ አጠገብሽ ነው?" የሚል ወጣ።

ቢሜ... እንዲህ ብላ የምትጠራኝ ፋንታነሽ ብቻ ነበረች። ለአሎን ነግሬው አላውቅም።

"ምን አለች?"

"ደህና ነኝ... ትላለች።"

"እግሬን ይበርደኛል" የሚል ተከተለ።



"ካናዳ ብርድ ነው ትላለች።"

"ወይኔ ልጄን! ካልሲ እንልክላታለን በላት። ወፍራም ካልሲ።"

መጻፍ ሳልጀምር ከታች ፊደሎቹ ቀጠሉ።

"ቢሜ፣ የጎማ ጫማዬን ለማን ሰጠኸው?"

ከመቅበሬ በፊት ከእግሯ ላይ አውልቄዋለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።

"ምን አለች?"

"ትናፍቂኛለሽ... ትላለች።"

በሩ ተከፈተ። አሎን ነበር። ውሃ ያንጠባጥባል።

ጆሮዬ ስር ጎንበስ አለ። "ስሊኻ፣ ይቅርታ ጋሼ... አውቶቡሱ አመለጠኝ። ጣቢያው ቆሜ ነው የዋልኩት። ቤርሼባ አልሄድኩም።"

ከዚያ ስክሪኑን አየ።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?"



ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን የስልክ ገመድ ከግድግዳው መዞ አወጣው። ገመዱ እጁ ውስጥ ተንጠለጠለ።

ፊደሎቹ ግን አልቆሙም።

"መርዶዬን ንገራት።"

"መርዶዬን ንገራት።"

"መርዶዬን ንገራት።"

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። አንድ ፊደል የማታውቀው እናቴ ጣቷን መስታወቱ ላይ አኖረች። ከጽሑፉ መጀመሪያ አንስታ፣ መስመር በመስመር፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተከተለችው።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። አላለቀሰችም።

"ጫማዋን ለማን ሰጠኸው?"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ገልብጣ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው ለበሰችው።

እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ። እምላለሁ፣ ጉልበቴ ላይ ነበሩ።

ከላይ፣ በእኔ ግማሽ፣ ፊደል መውጣት ጀመረ... አንድ በአንድ...

"በአንድ ጣሳ ውሃ ለወጥኩት። ውሃውንም ብቻዬን ጠጣሁት።"