እመቤቲቱ የመረጠችው ኩሬ

ነሐሴ ስድስት ቀን፣ የንጋት ፀሐይ የኤልሞራን ተራራ ጫፍ ስትነካ፣ በሐይቁ ዳር ያሉት እንቁራሪቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። እመቤቲቱ ደርሳ ነበር። ወለላ ያችን ሰዓት አትረሳትም።

በኤልሞራ መንግሥት ሰማይ ተከፍቶ ዝናብ የሚወርደው እመቤቲቱ፣ ላም የምታህል አረንጓዴ እንቁራሪት፣ ከወንዶቹ እንቁራሪቶች አንዱን መርጣ በኩሬው እንቁላሏን ስትጥል ብቻ ነው። ሦስት ክረምት ማንንም ሳትመርጥ ተመለሰች። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም ሊከተል ነበር። ስለዚህ ወለላና ታላቅ ወንድሟ ናደው እሳት የሚተፉ አሞሮች የሚያንዣብቡበትን ገደል ወጥተው፣ ከዋሻዋ ድረስ ሄደው፣ በጦርና በጋሻ እየጠበቁ አመጧት። ሲነሡ ወለላ በንጉሡ ፊት ምላ ነበር፤ «እመቤቲቱን ብገፋት፣ ሲገፏትም አይቼ ዝም ብል፣ ይህች እጄ ትድረቅ!»

ወንዶቹ ጩኸታቸውን እንደገና ጀመሩ። እያንዳንዱ የየራሱን ኩሬ ይጠብቃል፤ ድንበሩን የረገጠውን በደረቱ ገፍቶ ይጥላል። ነጋሪት የሚሉት ግዙፉ ሲያስገመግም በዳር የታሰሩት ጀልባዎች ይንቀጠቀጣሉ። በመጨረሻው ኩሬ ግን ትንሹ አለ፤ አንድ ዓይኑን በጠብ ያጣ፣ ድንበሩን ግን ያላስደፈረ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያ ትንሹ ደግሞ ሲጮህ ሳል የያዘው ሽማግሌ ይመስላል» አለች ወለላ።

«አንቺ ስታንኮራፊ የሰማ እሱን አይንቅም» አላት ናደው።

እመቤቲቱ በነጋሪት ኩሬ እግሯን ነከረች፤ ወዲያው አውጥታ አለፈች። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። የሐይቁ አዛዥ በረንታ ትዕግሥቱ አለቀ።

«በሰንሰለት እሰሯት! ወደ ነጋሪት ጎትቷት! ከእሱ የበለጠ ወንድ ከየት ሊመጣላት ነው?»

ወለላ ክንዷን በነጋሪት ኩሬ ውስጥ ነክራ አወጣች። ጣት ጣት የሚያህሉ አልቅቶች ተንጠልጥለውበታል።

«አዛዥ ሆይ፣ እኛ ወንዱን ስንመዝን እርሷ ውኃውን ትመዝናለች። እንቁላል የሚበሉት እነዚህ ናቸው። ልጆቿን ለእነዚህ ትጣልልዎ?» ብላ ጦሯን ቀስራ በሰንሰለቱ ፊት ቆመች።

የትንሹ ኩሬ ጥላ የወደቀበት፣ ቀዝቃዛ፣ አልቅቱም ያነሰ ነበር። እመቤቲቱ እግሯን ነከረች። አላወጣችም፤ አልገባችምም።

ናደው ጋሻውን አስቀመጠ። «አልቅት የሞቀ ደም ይወዳል። የሚስብልን ከብት ደግሞ አልቀረልንም።»

«ተው፣ ወንድም ጋሼ! ተራ በተራ እንግባ!»

«አንቺ ምለሻል። ከዚያ ከተነሣሽ ሰንሰለቱን ማን ይከለክለዋል? ጦርሽን አጥብቀሽ ያዢ።»

እስከ አንገቱ ኩሬው ውስጥ ገባ። ማንንም የማያስደርሰው ትንሹ እሱን አልገፋውም። ውኃው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ሁሉ ወደ ናደው ገላ ተሰበሰበ። ከውኃው ጎትቶ ያወጣው አዛዥ በረንታ ራሱ ነበር፤ በዚያው ሰንሰለት፣ እያለቀሰ።

«ገባች?» አለ ናደው።

«ገባች፣ ወንድም ጋሼ። እንቁላሏን እየጣለች ነው።»

«አየሽ፤ ሳል የያዘው ሽማግሌ…» ብሎ ፈገግ አለ። ዝናቡ ሲወርድ ፊቱን የጠረገችለት ወለላ ነበረች፤ እሱ ግን አልተሰማውም።

በሚቀጥለው ክረምት ትንሹ በሌላ ወንድ ተሸንፎ ኩሬውን ለቀቀ። እመቤቲቱ እንቁላሏን የጣለችው ግን እዚያው ኩሬ ውስጥ ነበር።