ሐይቁ የተዘጋበት ክረምት

«እህቴ፣ ዓሣውን ልትገዢው ነው ወይስ ልብስ ልትሰፊለት?»

አዛለች ቀና አለች። በአንድ እጇ ማስመሪያ፣ በሌላው የሚያዳልጥ ቆሮሶ ዓሣ ይዛ አባያ ሐይቅ ዳር ቁጢጥ ብላለች። ፊት ለፊቷ የቆመው ወጣት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እርጥብ መረብ ትከሻው ላይ ጥሎ ይስቃል። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በወላይትኛ «ዓይኖቿ ግን ሰው ይገድላሉ» አላቸው።

«እስካሁን ማንንም አልገደልኩም» አለች እሷም በወላይትኛ። «የሶዶ ልጅ ነኝ። ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

የወጣቱ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ጓደኞቹ ይባስ ብለው ተንከተከቱበት። መረቡን እንደተሸከመ ፈትለክ ብሎ ሄደ። ትንሽ እንደራቀ ግን ዞሮ አያት። እሷም እያየችው ነበር...

ስሙ ዳልጮ ነው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱን እማማ ሳህሊቱን በዓሣ የሚያኖር ብቸኛ ልጅ። አዛለች ደግሞ ከኮሌጅ እንደወጣች በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት የዓሣ ሀብት ባለሙያ ሆና ወደዚያ ወረዳ የተመደበች የወንጌላዊ ልጅ ናት።

በሳምንቱ የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ሰበሰበች።

«ዓሣው እያነሰ ነው» አለቻቸው። «ካወጣችሁት ውስጥ ግማሹ ገና እንቁላል ያልጣለ ነው። ሳይወልድ የተያዘ ዓሣ ምን ይተካል? ስለዚህ በዓመት ከዚህ ዳር የሚወጣው ዓሣ ኮታ ይኑረው። ኮታው ሲሞላ የሁሉም መረብ ይነሳ፣ እስከ መስከረም ሐይቁ ይረፍ።»

ሊቀመንበሩ ጋሽ ሻንቆ አፋቸውን ሳይከፍቱ ዳልጮ ተነሳ።

«ሐይቅ ጎተራ ነው እንዴ በቁና የሚሰፈረው? መሬት የለን፣ በሬ የለን። ያለን ይኼ ውሃ ነው። እሱንም ልትዘጊብን?»

«ጎተራ ቢሆንማ ጥሩ ነበር» አለች አዛለች። «ጎተራ ሲጎድል ይታያል። ይኼ ደፍራሽ ቀይ ውሃ ግን ባዶ ሆኖም ሙሉ ይመስላል።»

ያን ቀን አልተስማሙም። በማግስቱ ማለዳ ግን ዳልጮ እሷ የተከራየችበት ግቢ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ነይ» አላት። «መረቤን ስስብ አብረሽኝ ሁኚ። ያልሽውን በዓይኔ አሳዪኝ።»

በጀልባው ሄዱ። መረቡ ሲሳብ ትልልቅ ዓሣ አልነበረበትም። የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ናቸው፣ እነሱም ጥቂት። አንዱን በቢላዋ ሰንጥቃ አሳየችው።

«ባዶ ነው። አልደረሰም።»

ዳልጮ ሌላውን ራሱ ሰነጠቀ። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አባቴ በአንድ መረብ ቤታችንን ሲያበላ አስታውሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «እኔ አራት ጥዬ እናቴን አላጠግብም። ውሃው ጠልቶኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ውሃው አልጠላህም።»

«አንቺስ?»

«እኔ... እኔ ባለሙያ ነኝ።»

«ባለሙያ አይወድም አይጠላም?»

«ወደ ፊትህ እያየህ ቅዘፍ! አዞ አለ!» ብላ ጮኸችበት። አዞ ግን አልነበረም። ሁለቱም ሳቁ።

እንዲህ ነው የጀመሩት።

በሁለተኛው ስብሰባ ስለ ኮታው የተናገረው ዳልጮ ነበር። «እኔ ነኝ ጎተራ ነው ወይ ያልኩት። ዛሬ ደግሞ ይለካ እላለሁ። ኮታው ሲሞላ ቀድሞ የሚነሳው የኔ መረብ ነው። ቃሌ ነው!» አለ። ሰው የሚያምነው ልጅ ስለነበር እጆች አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ሻንቆ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሊሠራበት ተወሰነ።

እማማ ሳህሊቱ ቆሮሶ ጠብሰው፣ ከጎኑ የሚያቃጥል ዳጣ አስጠግተው «ብዪ ልጄ፣ ከሲታ ነሽ» ማለት አበዙ። የአዛለች አባት ግን ወሬው ሶዶ ሲደርስ ተቆጡ።

«እኛ ወንጌላውያን፣ እሱ ኦርቶዶክስ። ያውም ዓሣ አጥማጅ! ተምረሽ ለዚህ ነው?»

«አባባ፣ እሱን ካላገባሁ ማንንም አላገባም።»

ብዙ ወራት ፈጀባቸው እንጂ ኋላ ለዘብ አሉ። ሽማግሌዎቹ በዘጠና ስድስት፣ የወላይታ አዲስ ዓመት ጊፋታ ሲያልፍ ይምጡ ተባለ። ዳልጮ ይህን ሲሰማ ከነልብሱ ሐይቁ ውስጥ ዘለለ። «አብደሃል!» አለችው አዛለች። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

ዘጠና አምስት ግን ክፉ ዓመት ሆነ።

ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ዋጋ ሰማይ ነካ። ከሶዶ፣ ከበዴሳ፣ ከሻንቶ ነጋዴ ተግተለተለ። ኮታው የጋራ ስለነበር ሁሉም ጎረቤቱ ሳይቀድመው ለማውጣት ተሻማ። እስከ ጳጉሜ ይበቃል የተባለው ኮታ ግንቦት መግቢያ ላይ ሞላ። አዛለች ራሷ ሐይቁ ዳር ቆማ «ሞልቷል፣ መረብ አንሱ» አለች። ዳልጮ መጀመሪያ አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት።

የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀረ። ስኳር ድንቹ መሬት ውስጥ ደረቀ። ከርቀት ሲታይ አገሩ በእንሰቱ አረንጓዴ ነው፣ ጓዳው ግን ባዶ ነው። ሰው ጎደሬ እየቆፈረ፣ ያልደረሰ እንሰት እየፋቀ ወደ ክረምቱ ገባ።

ሰኔ ላይ የአዛለች ኃላፊ ቢሮው ጠራት።

«ነጋዴው ቦሼ ማዶ ባለው ዳርቻ በሞተር ጀልባ እንዲያጠምድ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶታል» አላት።

«ኮታው እኮ ሞልቷል! ሕዝቡ በረሃብ መረቡን ሰቅሎ ተቀምጧል!»

«ከበላይ የመጣ ነው። አንቺ ዝም በይ። ሕዝቡ ከሰማ ይረበሻል።»

ወደ ላይ ዝም አላለችም። አዋሳ ድረስ ሄዳ ለክልሉ አመለከተች። «ይጣራል፣ ጠብቂ» አሏት። ለዳልጮ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከሰማ ጀልባውን ይፈታል፣ እሱ ከፈታ መንደሩ ሁሉ ይፈታል፣ የዓመት ልፋት በአንድ ቀን ያልቃል ብላ ፈራች። ክልሉ መልስ እስኪሰጥ ብቻ፣ ትንሽ ቀን ብቻ...

«አዛሉ» አላት አንድ ቀን። «ማዶ የሞተር ድምፅ ይሰማል ይባላል። እውነት ነው?»

ዓይኑን ማየት አቃታት።

«ሰው የሚያሻግር ጀልባ ይሆናል» አለችው።

አመናት።

ሐምሌ ላይ የእማማ ሳህሊቱ እግር አበጠ። ለራሳቸው የቀረበላቸውን ምግብ ለጎረቤት ሕፃናት ሲያካፍሉ ከርመው ነበር። ዳልጮ ጤና ጣቢያ ሲወስዳቸው ነርሷ «መድኃኒቱ ምግብ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ... ያገኛችሁትን አብሏቸው» አለችው።

ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ወደ አዛለች ሄደ።

«አንድ ጊዜ ብቻ መረቤን ልጣል። ለእናቴ ድስት ብቻ። አልሸጥም።»

«ዳልጮ... አንተ አንዲት ዓሣ ካወጣህ ነገ ማንን እንከለክላለን? እኔ እገዛላቸዋለሁ። እንቁላልም ወተትም አመጣለሁ። እባክህ!»

 ዳልጮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

«እሺ። ቃሌ ነው።»

ቃሉን ጠበቀ። እሷም ደሞዟን ይዛ ሶዶ ገበያ ወጣች፣ እንቁላል በጭድ ጠቅልላ አመጣች፣ ወተት በጀሪካን አስጫነች። እጇ ላይ ያለው ሁሉ አለቀ። ግን እማማ ሳህሊቱ መዋጥ አቅቷቸው ነበር። ሐምሌ ሳያልቅ አረፉ።

ለቅሶው ላይ አዛለች ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ዳልጮ መጥቶ ነጠላዋን አስተካከለላትና «አንቺ ባትኖሪ እኔም እሞት ነበር» አላት። ያኔ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ሰው በዛ፣ ጊዜው አልሆነም... መልሳ ዘጋችው።

ድንኳኑ እንደተነሳ አንድ አይሱዙ መኪና ከመንደሩ በታች ጭቃ ውስጥ ተያዘ። ቀትር ነበር። ወጣቶቹ ሊገፉ ወረዱ፣ ዳልጮም ከነሱ ጋር። መኪናው ሲንገጫገጭ ከኋላ አንድ ሳጥን ተገለበጠና በረዶና ቆሮሶ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ።

ሁሉም ቆመ።

«ይኼ ከየት ነው?» አለ ዳልጮ።

«ከማዶ ነዋ» አለ ሹፌሩ። «የአቶ ቦሼ ነው። ፈቃድ አለን። የወረዳችሁ ባለሙያ ሳትቀር ከሰኔ ጀምሮ ታውቃለች።»

ዳልጮ ቢሮዋ ሲገባ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር።

«ታውቂ ነበር?»

«ዳልጮ፣ ተቀመጥ። ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። እኔማ ተቃውሜ...»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። ታውቂ ነበር?»

«...አውቅ ነበር።»

«እናቴ ተኝታ?»

እንባዋ ቀደማት።

«ክልል ድረስ ሄጃለሁ፣ በእግዚአብሔር! ፈቃዱን እናጣራለን ብለውኛል። ብነግርህ መረብ ትጥላለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ከጣልክ ሁሉም...»

«ለመንኩሽ እኮ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ለአንድ ድስት ለመንኩሽ። ቦሼ በሳጥን ሲጭን እያወቅሽ ከለከልሽኝ። ብትነግሪኝና 'ቢሆንም አትጣል' ብትዪኝ... እኔ እኮ ላልጥል እችል ነበር። አላመንሽኝም።»

«እወድሃለሁ!»

«አውቃለሁ። ለዓሣው ግን ከኔ ይልቅ አዘንሽለት።»

ያዘችው። የጭቃ እጁን ቀስ አድርጎ ከእጇ አወጣና ወጣ።

በሳምንቱ ጀልባውን ለጋሽ ሻንቆ ትቶ መተሐራ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄደ። ጊፋታ መጣ። ሰው ያለችውን አዋጥቶ በሬ አረደ፣ ቅቤ ቀለጠ፣ ወጣቱ ጨፈረ። ሽማግሌ ግን አልመጣም። የአዛለች አባት ምንም አልጠየቋትም። አንድ ምሽት ብቻ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ጸሎት ጸለዩላት።

ማመልከቻዋ ዘግይቶም ቢሆን ሰሚ አገኘ። የቦሼ ፈቃድ ተሰረዘ። እሷንም አለቃ ዘልላ ከስሳለች ተብሎ ሐይቅ ወደሌለበት ወረዳ አዛወሯት። የቡና ችግኝ ስታስቆጥር ከረመች። ኃላፊው ሲቀየር ነው ወደ አባያ የተመለሰችው።

ስትመለስ መረቦቹ ውስጥ ሁለት እጅ የሚፈልጉ ቆሮሶዎች ነበሩ። ማኅበርተኞቹ ኮታውን አልተዉትም። አሁን እያንዳንዱ አባል የራሱ ድርሻ ስላለው በሁዳዴ የሚሻማ የለም። ጋሽ ሻንቆ አንዱን ትልቅ ዓሣ አንስተው «ልጄ፣ ልክ ነበርሽ» አሏት። ልትደሰት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ዳልጮ በዘጠና ዘጠኝ መግቢያ ተመለሰ። መተሐራ ያገኛትን ሚስቱን ፈጠነችን ይዞ ነበር። ፈጠነች ነፍሰ ጡር ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ስለ ድሮው ምንም አታውቅም። ጋሽ ሻንቆ ደክሟቸው ስለነበር ማኅበሩ ዳልጮን ሊቀመንበር አድርጎ መረጠ።

የዓመቱ ኮታ ሊወሰን መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። አዛለችና ዳልጮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሷ የዘንድሮውን መጠን ተናገረች። 

ዳልጮ ተነሳ።

«ባለሙያዋ ያሉት መጠን ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይጨመር። አንደኛ፣ ሐይቁ ሲዘጋ ለማንም ይዘጋ። ለአንድ ሰው ልዩ ፈቃድ ከተሰጠ በዚያው ቀን ለሁላችንም ይነገረን። ሁለተኛ፣ በዝግ ወራት ቤቱ ሕመምተኛ ወይም አራስ ያለበት ሰው ለድስቱ የሚሆን ያውጣ። ከኮታውም ተቀንሶ ይያዝለት።» ወደ እሷ ዞረ። «ይቻላል ወይስ አይቻልም፣ ባለሙያዋ ይንገሩን።»

 የእማማ ሳህሊቱን ሞት የማያውቅ እዚያ አልነበረም።

«ይቻላል» አለች አዛለች። «ያኔም ይቻል ነበር።»

እጆች ወጡ። ጸደቀ።

ሰው ሲበተን ደጅ ላይ ተከተለችው።

«ዳልጮ...»

«አቤት፣ ወይዘሪት አዛለች። የጎደለብዎት ነገር አለ?»

ድሮ «ነይ» ያላት ሰው አንቱ አላት።  ልጅ ሲወለድ ይባረክልህ ልትል ነበር፣ ይቅር በለኝም ልትል ነበር...

«የለም» አለች። «ሁሉም ተሟልቷል።»

«እንግዲያው በሰላም ይግቡ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ይጠንቀቁ።»

ፈጠነች ከታች ሆና ጠራችው። ወርዶ ዘንቢሉን ከእጇ ተቀበላትና ቀስ እያሉ ወደ መንደሩ ሄዱ። አዛለች የሶዶው ሚኒባስ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ ቀረች።

ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በዚያ ጠረጴዛ ይገናኛሉ። እሱ «ባለሙያዋ» ይላታል፣ እሷ «ሊቀመንበሩ» ትለዋለች። ዓሣው ተትረፍርፏል። አዛለች አላገባችም።