ከቃለ ጉባኤው የተሰረዙት ምናልባቶች

ከአፈ ጉባኤዋ መድረክ ሥር በጠባብ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋ ቃለ ጉባኤ ያዥ ጆሮ እንጂ አፍ የላትም ይባል ነበር። እውነትም ነው። መቶ አርባ ተመራጭ ሲነሣና ሲቀመጥ፣ ሲከራከርና ሲታረቅ እሷ ትጽፋለች እንጂ አንድ ቀን «እህ» ብላ አታውቅም።

ሥራዋን ትወደው ነበር። ሰው ምክር ቤት ሲባል እጅ ማውጣትና ማጨብጨብ ብቻ ይመስለዋል፤ እሷ ግን ጓዳውን ታውቃለች። ጡረታ የወጡት ዳኛ አንዲት አንቀጽ ድሃ ትጎዳለች ብለው ምሳቸውን ትተው ሲሟገቱ አይታለች። ካደጉ በኋላ ፊደል የቆጠሩት ገበሬዋ ተመራጭ የውሃ አዋጁን ረቂቅ በጣታቸው እየተከተሉ አንብበው፣ ምሁራኑ ሁሉ ያለፉትን ስሕተት ሲያወጡ በገዛ እጇ ጽፋለች። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር መጻፍ ክብር ነው ብላ ታምን ነበር።

ዓይኗ የሚያርፈው ግን አራተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ነው።

እዚያ የሚቀመጠው ከሩቅ ወረዳ የተመረጠ ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። በታማሚ ቤተሰብ ፊት «ይድናል» ብሎ መማል ስለማይወድ «ምናልባት» ከአፉ አትጠፋም። «ምናልባት ቢጠና… ምናልባት ሳይሻል አይቀርም…» ይላል። ባልደረቦቹ «አቶ ምናልባት» አሉት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ።

የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። በደንቡ መሠረት ተመራጮች የንግግራቸውን ረቂቅ በሦስት ቀን ውስጥ አንብበው፣ ስሕተት ካለ አርመው ይፈርማሉ። እሱ ሊፈርም መጥቶ ኪሱን ደባበሰ።

«ይቅርታ፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?»

ሰጠችው።

«የእኔን መንተባተብ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት ማለት ነው? አይ መከራዎ!»

«ጣቴን እንጂ ጆሮዬን አይደክመኝም» አለች። ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ፊቷ ጋለ። እሱም እስክሪብቶውን ይዞባት ሄደ፤ በማግስቱ ሊመልስ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ የሚያስረሳው ነገር በዛ።

ደንቡ ሠራተኛና ተመራጭ እንዳይቀራረቡ ይከለክላል። ልብ ግን ደንብ አያነብም። ሰላምታቸው አጭር ነበር፤ ከሰላምታው በኋላ የሚመጣው ዝምታ ግን ይረዝማል። እሷም የሆዷን በሆዷ ይዛ ኖረች።

የምክር ቤቱ ዘመን በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት ስለ ወላድ እናቶች ማቆያ ክርክር ተነሣ። እሱ ተነሥቶ፣ በቃሬዛ ስድስት ሰዓት ተጉዛ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስለሞተች ነፍሰ ጡር ተናገረ። መጨረሻ ላይ ግን ያው ልማዱ መጣ።

«እንግዲህ… በጀቱ ከተፈቀደ፣ መንገዱም ከተስተካከለ፣ ምናልባት ዘመናችን ሳያልቅ ማቆያው ሊሠራ ይችል ይሆናል ብዬ አስባለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ስትጽፈው እጇ እምቢ አላት። እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ሲያፈገፍግ አላስችል አላት። «ዘመናችን ሳያልቅ ማቆያው ይሠራል» ብላ ጻፈችና አለፈች። ያሳሳታት ፍቅር ነው፤ ሌላ ምክንያት አንፈልግላት።

እሱ ፈረመ። ቃለ ጉባኤው ታትሞ በየወረዳው ተለጠፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ይህኛው ግን ከአፉ ሳይወጣ አፋፍ ደረሰ። የወረዳው ሰው እንደ መሐላ ያዘው። እሱም ከቋሚ ኮሚቴ ቢሮ፣ ከቢሮ ግንባታው ቦታ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። እሷ ባየችው ቁጥር ትኮራለች፤ በኮራች ቁጥር ትጸጸታለች። ልንገረው ትልና ትፈራለች።

የዘመኑ የመጨረሻ ስብሰባ ሲደርስ ማቆያው ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ አልነበረውም። የጎረቤት ወረዳው ነጋዴ ተመራጭ ቃለ ጉባኤውን ከፍ አድርጎ ተነሣ።

«ክቡር ተመራጩ በዚህ አዳራሽ ቃል ገብተው ሕዝብን ዋሽተዋል። በውሸታቸው ይወቀሱልኝ፤ ወቀሳውም ወረዳቸው ድረስ ይለጠፍ!»

እሱ አንገቱን ደፋ። የማይዋሽ ሰው ውሸታም ተብሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ሳታስበው ቆማ ራሷን አገኘችው።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ አንድ ነገር ልናገር።»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። አፈ ጉባኤዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?»

«የተሳሳተው ቃለ ጉባኤው ነው። እሳቸው ‹በጀቱ ከተፈቀደ› ብለዋል፣ ‹ምናልባት› ብለዋል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። የተቀዳው ድምፅ አለ።»

«ለምን ሰረዝሽ?»

ደክሞኝ ነው ብትል ያልፍላት ነበር። «የሚችሉትን ያህል ሲናገሩ መስማት ስለፈለግሁ» አለች።

እሱ ተነሣ። በዚያ ቀን መሬት አላየም።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ረቂቁን በማግስቱ አንብቤዋለሁ። እንዲህ እንዳላልኩ አውቅ ነበር። ላርመው ብዬ ያቺ በር ላይ የሞተችው እናት ፊቴ መጣች፤ ለእሷ የእኔ ጥርጣሬ ምን ይሠራላታል? እንዳለ ፈረምኩት። ስፈርም ቃሉ የእኔ ሆነ፤ ባለማለቁም ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ያኔ ገበሬዋ ተመራጭ ብድግ አሉ።

«እኔ የምለው፣ ሰው እንድንወቅስ ነው ወይስ ሥራ እንድንጨርስ የመረጡን? ወቀሳው ይቅርና ለጣሪያው እጅ እናውጣ!»

እጅ ወጣ። ዳኛው አወጡ፣ ምሁራኑ አወጡ፤ ነጋዴውም ግራ ቀኙን አይቶ እጁን እስከ ጆሮው አነሣ። እሷ ተቀምጣ ሁሉንም ጻፈች፤ የራሷንም ጥፋት ሳታሳምር።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወረች። እሱ ለሁለተኛ ዘመን አልተወዳደረም። ሁለት ወር ወሬው ጠፋ። ለሰው ስል ራሴን አዋረድኩ አላለችም፤ ንግግሩን ለነካችበት ሴት ግን ልብ አይኖረውም ብላ ደመደመች።

አንድ ረፋድ ላይ የመዝገብ ቤቱ በር ተንኳኳ። እሱ ነበር፤ አቧራ የለበሰ።

«ጣሪያው አለቀ» አለ። «አራት እናቶች ገብተዋል። ቆሜ ሳላስጨርስ ወዳንቺ መምጣት አፈርኩ።»

‹አንቺ› ብሏት አያውቅም ነበር። ፋይሉን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ያዘች።

«ስሕተቴን አይተው ያኔ ለምን ዝም አሉኝ? እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ለምክር ቤቱ የነገርኩት እውነት ነው። ግማሹን ግን አልነገርኳቸውም።» ዓይኗን አየ። «ብናገር ከዚያች ጠረጴዛ ያነሡሽ ነበር። አንቺ የሌለሽበት አዳራሽ ውስጥ ማን ይሰማኛል ብዬ እናገራለሁ?»

እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ።

«አንተ ሰው! ይህን አፍህን የት ደብቀኸው ነው አምስት ዓመት ‹እርስዎ› ስታስብለኝ የኖርከው?»

«ወድጄሻለሁ። ነገ ወደ ጤና ጣቢያዬ ልመለስ ነው፤ ብቻዬን መመለስ ግን አልፈልግም።»

ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ እናቷ ይቆጣሉ፤ ሥራዋም እዚህ ነው። ሁሉንም አሰበችው።

«ጤና ጣቢያችሁ መዝገብ ያዥ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አሁን አለው» አለችና ፋይሉን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ካፖርቷን አነሣች። «በመጀመሪያ ግን እናቴ ዘንድ እንሂድ።»