ምስክሩ ጆንያ

ነገሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አንድ የሚዛን ሠራተኛ፣ የሺሺንዳ ገበሬ ደንበኞቼን በሙሉ፣ እና የምሳ ሰዓት እንቅልፌን። የሌሊቱ እንቅልፍ ደህና ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። እኔ ከድር፣ ቡና ነጋዴው፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ ጂን የለም አልልም፣ ሃይማኖቴ ነው፣ ግን ሥራ ፈትቶ የእኔን መጋዘን ፍለጋ ቦንጋ ድረስ ይመጣል ብዬ አላስብም፣ የማምነው ሚዛንን ነው፣ እሱንም ፈትሼ።

ነገሩ የሆነው መንግሥት በተቀየረ በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ዓመት ነው። የካፋን አየር የሚያውቅ ያውቃል፣ ደረቅ ቡና መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ውሃ ይጠጣል፣ ስለዚህ አንድ የስልሳ ኪሎ ጆንያ ሳልሸጥ አስቀርቼ፣ ስሙን ምስክሩ ብዬ፣ ሁልጊዜ ጠዋት አስመዝነውና ኪሎውን በካሬ ደብተር ላይ በነጥብ አስቀምጬ ነጥቦቹን በመስመር አገናኛለሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፣ ያን መስመር ግን ከማንም በላይ አነባለሁ። ክረምት ቀስ ብሎ ይወጣል፣ በጋ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አያልፍም፤ ድንገት ከዘለለ ጣሪያው አፍስሷል፣ ድንገት ከወረደ አይጥ ወይ ሌባ ገብቷል። ሁለቴ አስጠንቅቆኛል፣ ሁለቴም አልዋሸም።

የሚመዝነው ጋሽ ገብሬ ነበር፣ የሺሺንዳ ሰው፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆን የሚችል፣ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት “እህ” ብሎ ጉሮሮውን የሚጠርግ። ገበሬው የሚያምነው እኔን እንዳይመስላችሁ፣ ያንን “እህ” ነው።

የካቲት ላይ አንድ ጠዋት “እህ፣ ስልሳ ሦስት” አለ።

“ስንት?”

“ስልሳ ሦስት። ምን ላድርግህ ከድር፣ ያለውን ነው የምጠራው።”

ጣሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው። በማግስቱም ስልሳ ሦስት። አንድ ቀን ዘሎ የሚመለስ ቁጥር የመዛኝ ስህተት ነው፣ ዘሎ እዚያው የሚቀመጥ ከሆነ ግን የተቀየረ ነገር አለ ማለት ነው። ሳምንት ቆይቶ ስልሳ አምስት ሲሆን በነጋዴ ጭንቅላቴ አሰብኩት፣ ከገበሬው የምገዛው በዚሁ ሚዛን ነው፣ ገበሬው የገብሬ ዘመድ ነው፣ ሚዛኑ ከከበደ የምጎዳው እኔ ነኝ፣ በቃ፣ ሌባዬን አገኘሁት አልኩ። የሰውየው ኮት ትከሻው ላይ እንደሰፋና ሱሪውን በገመድ ማሰር እንደጀመረ አይቻለሁ፣ እመኑኝ፣ አይቻለሁ፣ ጾም ነው ብዬ አለፍኩት።

በገበያ ቀን፣ ሰው ፊት፣ “ጋሽ ገብሬ፣ ሚዛኔን ምን አደረጉት?” አልኩ።

“ሚዛንህ ምን ሆነ?”

“ለዘመዶችዎ ከበደላቸዋ!”

ቡና ይዛ የቆመች አንዲት ሴት “ውይ! ነጋዴ ሚዛን ከበደብኝ ሲል ዛሬ ሰማሁ!” ስትል ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሳቁ ይበልጥ አናደደኝና የመጋዘኑን ቁልፍ ተቀበልኩት። ጋሽ ገብሬ “ማባረሩንስ አባርረኝ፣ ልጆቼን ግን የሌባ ልጆች አታስብላቸው” አለ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ገበሬው ቡናውን እንደገና ተሸክሞ ተከትሎት ወጣ።

ማታውኑ ሚዛኑን በመፈተሻ ብረቶቹ ፈተሽኩት፣ ሃያው ሃያ፣ ሃምሳው ሃምሳ፣ ዝንፍ የለም። ሰውየውን መጥራት ነበረብኝ፣ አፍሬ ተውኩት።

ከዚያ በኋላ ራሴ ነው የምመዝነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን በቀትር፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ ምስክሩን ሚዛን ላይ አወጣሁት። ሰባ። ልጽፍ ዞር ስል ሲጥ አለ። የሚዛኑ ክንድ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ተነሳና ከላይ ቀጭ ብሎ መታ። ተንሸራታቹን ብረት ወደ ሰባ ተኩል ገፋሁት፣ ተስተካከለ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ቀጭ። ሰባ አንድ። ቀና ብዬ ሳይ የጆንያው አናት ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። እጄን አሳረፍኩበት፣ ይሞቃል፣ ሸክም ያወረደ ሰው ጀርባ እንደሚሞቀው። እርጥብ ቡና ሲታፈን እንደሚሞቅ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስፌቱን ፈትቼ ክንዴን እስከ ብብቴ ከተትኩት፣ ቡናው ደረቅ፣ እንደ ጠጠር የሚንኮሻኮሽ፣ ደግሞም ቀዝቃዛ። ያኔ ነው ከጆንያው ኋላ “እህ” ያለው። ወላሂ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁጥሩን እየጠበቅኩ ቆምኩ፣ ቁጥር አልመጣም።

በማግስቱ ምስክሩን አዲስ አበባ በሚሄድ መኪና ጫንኩት። ፈርቼ ነው፣ ነጋዴ ግን ፈርቶም ይሸጣል፣ በስልሳ ኪሎ የገዛሁትን በሰባ አንድ ኪሎ ሸጥኩት።

ሳምንት ሳይሞላ የጋሽ ገብሬ ሚስት፣ እትዬ አልማዝ፣ መጋዘኔ በር ላይ ቆማ “ይጠራሃል፣ ባትሄድለትም ነግሬሃለሁ” አለችኝ። ሚዛኑ ልክ እንደነበር ላሳየው ደብተሬን ይዤ ሺሺንዳ ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝቷል፣ ኮቱ ከእሱ ይወፍራል። ሳል ይዞት ጤና ጣቢያ ሲመላለስ በየጊዜው መዝነውታል፣ ምንም በሽታ አላገኙበትም፣ እትዬ አልማዝ ካርዱን ሰጠችኝ። ከየካቲት በፊት ስልሳ ሁለት። ከዚያ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ሰባት፣ እያለ ሃምሳ አንድ። ደብተሬን አጠገቡ ዘረጋሁት፣ ቀኖቹ አንድ ናቸው፣ የመጨረሻው ያ የቀትሩ ቀን ነው። የእሱንና የጆንያውን ደመርኩ፣ መቶ ሃያ ሁለት። ወረድ ብዬ ደመርኩ፣ መቶ ሃያ ሁለት። በሁሉም ቀን መቶ ሃያ ሁለት።

“ምስክሩ አለ?” አለኝ።

“ተሸጠ፣ ጋሽ ገብሬ።”

“በስንት ኪሎ?”

ለሚዛን ሠራተኛ እንዴት ይዋሻል? “በሰባ አንድ” አልኩት።

“እህ” አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ገበያ መሃል ቆሜ ሌባ አልነበረም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብያለሁ፣ ገበሬው ሰምቶ ቡናውን ለሌላ ይሸጣል። ጆንያውንም አስፈልጌዋለሁ፣ ገዢው ከሌላ ቡና ጋር ተቀላቅሎ ወደ ውጭ አገር ሄደ አለኝ። ጋሽ ገብሬ ግን አልሞተም፣ ሳሉም ጠፍቷል፣ ማርና ቅቤ እልክለታለሁ፣ ደህና ይበላል፣ ጤና ጣቢያ በመዘኑት ቁጥር ግን ሃምሳ አንድ ነው፣ ከፍም ዝቅም የለም። ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ሳይ ኖሬ እንዲህ ቀጥ ያለ አላየሁም፣ ቡናም ቢሆን ይተነፍሳል።

ከዚያ ጆንያ ያተረፍኩት፣ አስራ አንድ ኪሎ።